አርባው እስኪወጣ

ሚሊዮን ተሻገርን ከአሰልጣኝነት ያሰናበተው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ለቅሶ ቢሆን እንኳ ነውር ነበር፤ ለቅሶው ግን የራሱ የተሻገር ነበር፣ የእናቱ።

እናቱ ደሴ ሞቱ። ተሻገር ያኔ የያዘው ወረቀት ከስዊዘርላንድ አያስወጣውም ነበርና ሄዶ መቅበር አልቻለም። አፎልተርን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ያለች ጠባብ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ተቀመጠ። የዙሪክ አበሻ ሁሉ መጣ። የእኛ ሰው ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ስብሰባ ስትጠራው ፈረቃ አለብኝ ይላል፣ ልደት ስትጠራው ልጄን አሞታል ይላል፤ ሞት ሲሰማ ግን ከቪንተርቱር ድረስ ድስት ተሸክሞ በባቡር ይመጣል። ይህን ሚሊዮንም ያውቃል። ሚሊዮን የሊማት፣ የዙሪኩ የእግር ኳስ ቡድናችን፣ ሊቀመንበር ነው። ኦፕፊኮን ውስጥ ቢሮ ይሠራል፣ ሰዓት ያከብራል፣ ጉዳይ አያሳድርም።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ በልቶ እጁን ሲታጠብ ተነሣና አንድ ነገር ልበል አለ። ተሻገር አሁን ሐዘን ላይ ስለሆነ ይረፍ፤ ቡድኑም እየተሸነፈ ስለሆነ ከእንግዲህ ጥጋቡ ያሰልጥን፤ ሰዉ እንደሆነ ተሰብስቧል፣ ሌላ ቀን ከማስቸገር እዚሁ እንጨርሰው። እኔ ማእድ ቤት ሳህን እያለቀለቅሁ ነበር። ጭብጨባ ስሰማ አንድ ነገር የወደቀ መሰለኝ። ብቅ ስል ተሻገር ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ መሬት መሬቱን ያያል። “እግዜር ይስጥልኝ” አለ።

የመኖሪያ ፈቃዱ የተስተካከለ ጊዜ ጄኔቫ ገባ። አሁን እዚያው አጠገብ ቨርሷ ይኖራል፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። ሌማን የሚባለው የጄኔቫ ቡድን አሰልጣኝ አደረገውና ዋንጫውን በተከታታይ ወሰዱ። እኛ ደግሞ በተከታታይ መጨረሻ ወጣን። ይህም ሆኖ የሊማት አባልነቱን አልሰረዘም። ምን ያደርግልሃል ስለው፣ አንድ ቀን እጄን የማወጣበት ጉባኤ ይኖራል አለኝ።

እኔን ሁለቱም ያጫውቱኛል። ሚሊዮን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተሻገር ማታ በስልክ። የአንዱን ለአንዱ አላደርስም። ጀርመንኛውን ከሬዲዮ ስማር የለመድኩት ይመስለኛል፤ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ብዙ ነገር ይገባዋል። አንድ ማታ ለተሻገር፣ በቀል የእግዚአብሔር ነው፣ ለእሱ ተውለት አልኩት።

“ትቼለታለሁ ጋሽ አስፋ” አለኝ። “እኔ ቦታውን ብቻ ነው የማመቻችለት።”

ስዊዘርላንድ ውስጥ ያሉት የአበሻ ቡድኖች ሰመር ላይ ይጋጠማሉ። አንዱ ከተማ ጎበዝ ጎበዙን እንዳይሰበስብ አዲስ የመጡ ልጆች በድልድል ይከፋፈላሉ፤ ለውድድሩ ብቻ ስለሆነ የት እንደሚኖሩ አይጠየቅም። መጨረሻ የወጣ ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ባለዋንጫው መጨረሻ። እንግዲህ ለእኛ መሸነፍ ራሱ አንድ ሀብት ነበር። ሚሊዮን ግን አንድ ዓመት የመጀመሪያውን ተራ ለሎዛን ሰጥቶ በምትኩ አዲስ ማሊያ አስመጣ። ባማረ ማሊያ ተሸነፍን። በሚቀጥለው ዓመት በረኛ መረጠ፤ ልጁ ውድድሩ ሳይጀመር ጀርመን ገባ።

ዘንድሮ ድልድሉ ጄኔቫ ሆነ። አዘጋጁ ሌማን ስለሆነ ልጆቹ የሚታዩበትን ሰዓት የሚወስነው ተሻገር ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አደረገው። ወሩ መጋቢት ነው፤ የእኛ ዐቢይ ጾምና የእስላሞቹ ረመዳን የገጠሙበት። በስልክ ሲነግረኝ ለምን ጠዋት አታደርገውም አልኩት። “ሁሉም ዓይን አለው አይደል?” አለኝ። የፈለገው ገብቶኛል፤ በዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ልጅ ጉልበቱን አያሳይም።

ሜዳው ላይ ከሁሉም ብልጭ ያለው ሚኪ የሚባል ልጅ ነው። ከጨዋታው በፊት ከትልቅ ሳህን ፓስታ ሲበላ አይቼዋለሁ። ይሮጣል፣ ያታልላል፣ ሲያገባ በደረቱ ይንሸራተታል። ሙጃሂድ የሚባለው ግን የኮምቦልቻ ልጅ፣ አፎልተርን ተቀምጦ ቀለም ቅብ የሚማር፣ ኳስ ሲደርሰው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ሰውን ቀጥ የሚያደርግ ነገር ሠራና ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። ሌሎቹ ሲጠጡ ውሃውን አላየውም።

የእኛ ኮሚቴ አራት ነን። ሜዳ ዳር ሆነን ክርክሩ ጦፈ። ጥጋቡ ተከላካይ እንውሰድ አለ፤ አምና ግቡ እንደ ጎርፍ ነው የገባብን፣ በር የሌለው ቤት ሶፋ አይገዛለትም አለ። ገንዘብ ያዣችን መስከረም፣ በሩን የገነጠልከው አንተው አሰልጣኙ ነህ ብላ ሳቀችበት። እሷ የፈለገችው ሙጃሂድን ነው። አፎልተርን የምትሠራበት መዋእለ ሕፃናት ከልጁ መንደር ጀርባ ነው፤ ክረምቱን በሙሉ በመስኮት አይታዋለች፤ በበረዶ ላይ እንኳ ኳሱ ከእግሩ አይለይም አለች። ሚሊዮን ሳንድዊቹን እየገመጠ ሁሉንም አዳመጠ።

“እኔ የማምነው ዓይኔን ነው” አለ።

“ዓይንህንማ በማሊያው አየነው” አለች መስከረም።

ወደ እኔ ዞረና አስፋ አንተስ አለኝ። ተሻገር ያለኝን አልነገርኩትም። ያየሁትን ግን መደበቅ ኃጢአት ነው።

“ልጁ ጾመኛ ነው። ረመዳን ነው። ከንፈሩን እየው።”

“አንተም ጾመኛ ነህ፤ ይኸው ቆመሃል።”

“እኔ አልሮጥኩም” አልኩት።

ጥጋቡ ሳቀ። ሚሊዮን መልስ ሊሰጠኝ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ አሰላ ታመው የተኙት አባቱ ነበሩ። ዳር ሄዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራቸው። እንዲያ ሲያወራ ሌላ ሰው ነው። ሲመለስ ፊቱ ለስልሶ፣ አባባ ዛሬ ይሻላቸዋል፣ ትንሽ እህል ቀምሰዋል አለን። ሁላችንም እግዚአብሔር ይማራቸው አልን። ከዚያ ሊቀመንበር እሱ ነውና ሄዶ ሚኪን መረጠ።

በርን፣ ባዝልና ሎዛን ተራ በተራ ያዩትን መረጡ። ተሻገር ጋ ሲደርስ ራሱን እያከከ፣ እንግዲህ የተረፈውን ነው እንጂ ምን ይደረጋል፣ ያንን የደከመውን ልጅ ስጡኝ አለ። ሰዎች አዘኑለት። ፀሐይ ስትጠልቅ ከጃኬቱ ኪስ ቴምር አወጣና ለሙጃሂድ ሰጠው። የደሴ ልጅ ነው፤ እናቱ በረመዳን ለጎረቤት ሾርባ የሚልኩ ሴት ነበሩ። ልጁ ቴምሩን ሲያኝክ ተሻገር በቀስታ፣ ሰመር ላይ ዙሪክ እንሄዳለን አለው።

ሄዱም። የሰኔው ውድድር ላይ ሊማትና ሌማን ሲገናኙ ሙጃሂድ ጠግቦ በልቶ መጣ። ከእረፍት በፊት ጨዋታው አልቆ ነበር። ሚኪ ምስኪን ብቻውን ወደ ላይ ይሮጣል፣ ኳስ የሚያደርስለት የለም። ግብ በገባ ቁጥር የጄኔቫዎቹ ተጠባባቂዎች ይዘላሉ፤ ተሻገር አይዘልም። ዓይኑ ሜዳው ላይም አልነበረም። ሚሊዮን የቆመበትን ነው የሚያየው። በመጨረሻ የእኛው ደጋፊ ወደ ሚሊዮን ዞረና በጭብጨባ ያዜም ጀመር።

“ማሊያው ያምራል! ማሊያው ያምራል!”

ሚሊዮን እስከ ፊሽካው ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እዚያው ሜዳ ላይ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ለቀጣዩ እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። ሊቀመንበሩን ለማውረድ ነው። ተሻገር ማታ ደውሎ፣ እመጣለሁ፣ እጄን አወጣለሁ አለኝ። ድምፁ እንደ ሙሽራ ነበር።

ማክሰኞ የሚሊዮን አባት አሰላ አረፉ። ዘመዶቹ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ደወሉ፤ ልማዱ ነው። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ መርዶው ለቅዳሜ ተቀጠረ። እስከዚያ ሚሊዮን ቢሮው ሲገባ ሲወጣ እኛ የምናውቀውን እሱ አያውቅም። ለተሻገር ደውዬ ነገርኩት።

“እሱ ሰምቷል?”

“ቅዳሜ ነው የሚረዳው።”

“ቀብሩስ?”

“ተፈጽሟል። እሱም አልደረሰም።”

ስልኩን ዘጋው።

ቅዳሜ ማለዳ ከቄሱና ከመስከረም ጋር ኦፕፊኮን ሄድን። ሚሊዮን በሩን ከፍቶ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። በዚያ ሰዓት የምንመጣው ለምን እንደሆነ ማንም አበሻ ያውቃል። “አባባ?” ብቻ አለ። ከዚያ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ አንድ ጠብታ እንባ ሳይወጣው ዋለ።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ጉባኤ የተጠራበት እሁድ ስለነበር አንድም ሰው አልቀረም። ተሻገር ከቨርሷ መጣ፤ ሙጃሂድ የውሃ ሳጥን ተሸክሞ ከኋላው። ተሻገር ሚሊዮንን አቅፎ እግዜር ያጽናህ አለውና እዚያው አጠገቡ ተቀመጠ። የሚሊዮን ፊት አመድ መሰለ።

ጥጋቡ ማእድ ቤት ገብቶ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ሰዉ ሞልቷል፤ በሚቀጥለው እሁድ ግማሹም አይመጣ፤ ሁሉንም አናግሬያለሁ፣ እዚሁ እንጨርሰውና ተሻገርም ወደ ቡድኑ ይመለስልን አለ። ጥጋቡ ሚሊዮን ያስቀመጠው ሰው ነው። በአባቱ ለቅሶ ነውር ነው አልኩት። ያኔስ መቼ ነውር ሆነ ብሎኝ ወጣ።

ሰዉ በልቶ ሲያበቃ፣ እኔ ጆግና ሳፋ ይዤ እጅ ላስታጥብ ስገባ፣ ጥጋቡ ተነሣ።

“አንድ ነገር ልበል። ሚሊዮን አሁን ሐዘን ላይ ስለሆነ ይረፍ...”

ሚሊዮን ቀና አለ። ቃሉን አውቆታል፤ የራሱ ቃል ነው። ሁሉም የሚያየው ተሻገርን ነው። እኔም እሱን እያየሁ በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ።

“ጥጋቡ፣ ቁጭ በል” አለ ተሻገር፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ጥጋቡ ተቀመጠ። ተሻገር ጆጉንና ሳፋውን ከእጄ ወሰደና ሚሊዮን ፊት ተንበረከከ። ሚሊዮን እጁን ዘረጋ። ሐዘንተኛ ሲያስታጥቡት እምቢ አይልም። ውሃው መውረድ ጀመረ።

“ዛሬ አባትህን አልቅስ” አለው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። “እኔ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው አላሰናብትም። አርባቸው ይውጣ። ያን ጊዜ ራሴ መጥቼ፣ በአዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየህ አሰናብትሃለሁ።”

“እሺ” አለ ሚሊዮን።

ከዚያ ነው ያለቀሰው። አባባ እያለ፣ እጁን ሳይሰበስብ። ተሻገር ጆጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ማፍሰሱን አላቆመም። ሴቶቹ ተቀበሉትና ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። ጥጋቡ ጫማውን አጥልቆ ሲወጣ ልብ ያለው የለም።

ወደ ማታ ተሻገርንና ልጁን ባቡር ጣቢያ ሸኘኋቸው። ሙጃሂድ ቀደም ብሎ ይሄዳል፤ እኛ እንከተላለን። ምሕረት ነው ያደረገው ወይስ በቀሉን አሻግሮ ነው የቀጠረው ብዬ ሳሰላስል እሱ ራሱ ጠየቀኝ።

“ጋሽ አስፋ፣ ከማክሰኞ ሲቆጠር አርባው መቼ ይውላል?”

በጣቴ ቆጠርኩ። “ቅዳሜ።”

“እንግዲያው በማግሥቱ እሁድ አዳራሽ ይያዙልኝ” አለ። “ትልቁን።”

ባቡሩ መጣና ገቡ። በመስኮቱ ወደ እኔ እጁን አነሣ።

ሰኞ ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ስልኩን አነሣሁና ትልቁን አዳራሽ ያዝኩ።