ልዕልቷ ምን ብላ ይሆን?

ፀዳለ ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ከተማ ውስጥ የምትንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስስ ሎረን፣ ድሮ የፈረንሳይ ታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከምሳ በኋላ የምታነብላቸው እሷ ናት። መጀመሪያ ሥራዬ ነው ብላ ነበር የምታነበው፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን የፈረንሳዩ ንጉሥ የአሥራ አምስተኛው ሉዊ ልጅ፣ የልዕልት ቪክቷር ታሪክ ላይ ደረሱና ነገሩ ሳባት።

ልዕልቷ ሆዷን የምትወድ፣ ጾም መሻርም የምትፈራ ሴት ነበረች። በጾም ወራት ማዕዷ ላይ የሚቀርበው የውኃ ወፍ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ ጨንቋት ጳጳሱን ጠየቀች። እሳቸውም፣ «የበሰለው ወፍ በቀዝቃዛ የብር ሳሕን ላይ ይወጋ፤ መረቁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከረጋ ሥጋ ነው፤ ካልረጋ ይብሉት» አሏት።

ፀዳለ ሳቋ አመለጣት። «እኛም እኮ ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር ነው የምንከርመው!»

በማግስቱ ያነበበችው ግን አላሳቃትም። ልዕልቷን በአምስት ዓመቷ ከታናናሽ እኅቶቿ ጋር ሩቅ ገዳም ሰደዷት። ወደ ቤተ መንግሥት የተመለሰችው አሥራ አምስት ሊሞላት ሲል ነው። ንጉሡ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት።

ፀዳለ ከገጹ ቀና አለች። «ያኔ ምን አለቻቸው?»

«የእሷን ልብ የሚነግር ነገር አላጋጠመኝም» አሉ ሚስስ ሎረን። «ለምን ጠየቅሽ?»

ፀዳለ መጽሐፉን ከደነች። የገዛ ልጇን ሩሐማን በአራት ዓመቷ እኅቷ ዘንድ ትታ ነው የተሰደደችው። ናይሮቢ ቆይታ፣ ሚኒሶታ ገብታ፣ ወረቀቱ ተሳክቶ ልጅቷን ኤርፖርት የተቀበለቻት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ያን ቀን ምን ተሰማሽ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ሩሐማ ልትወስዳት መጣች። ፀዳለ መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እንዳሰረች ጠየቀቻት።

ሩሐማ መሪውን እንደያዘች አሰብ አደረገች። «እማ፣ ኦነስትሊ? አላወቅሁሽም። ፎቶሽን ደጋግሜ ቼክ አደረግሁ። አጠገብሽ አበባ የያዘች ሴትዮ ነበረች አይደል? እሷ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። እሷ ትስቅ ነበር፤ አንቺ የተቆጣሽ ትመስዪ ነበር።»

«ጓደኛዬን ገላኔን ነው? እኔ ተቆጥቼ አይደለም እኮ! እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነው።»

«በምን ልወቅ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነበር።»

ብሩክሊን ፓርክ፣ ቤታቸው ደጅ ደርሰው ሩሐማ ሞተሩን አጠፋች፤ ሁለቱም ግን አልወረዱም።

«አንቺስ?» አለች ሩሐማ።

ፀዳለ ቀበቶዋን ፈትታ ወደ ልጇ ዞረች። «ቁመትሽ አስደነገጠኝ» አለች። «ይዤልሽ የመጣሁት ጃኬት የሕፃን ነበር።»