ለጉልበቴ የላክሁት ወርቅ

የቡድሃውን ሐውልት ቀርበው የሚነኩት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ፣ ወርቅ ማስለጠፍ የፈለገች ሴት ባሏን ከማመን ሌላ ምርጫ የላትም። እኔ ደግሞ ባሌን ኮ ታውንግን በሙሉ ልቤ አምኜው አላውቅም። ዕድሜ ልኩን እዚህ ማንዳላይ ከተማ ወርቅ በመዶሻ ሲቀጠቅጥና ሲያሳሳ የኖረ ሰው ነው። ለወርቁ የሚጠነቀቀውን ሩቡን ለእኔ ቢጠነቀቅልኝ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ቀኝ ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። በእኛ ዘንድ ጉልበቱን የታመመ ሰው በሐውልቱ ጉልበት ላይ ወርቅ ይለጥፋል፤ ትከሻውን የታመመ በትከሻው ላይ። ሲሻለኝ ያንጎን ከተማ ልጃችን ቲንዛ ዘንድ ሄጄ የልጅ ልጄን ላሳድግ ቆርጫለሁ። ይህን ለኮ ታውንግ ስነግረው «ደህና» ብሎ የሚያኝከውን ቅጠል ማኘኩን ቀጠለ። ደስ ያለው መሰለኝና ተናደድኩ።

በወረቀት የታጠፈችውን ስስ ወርቅ ሰጠሁት፤ ቀኙ ጉልበት እንጂ ግራው እንዳይሆን አስጠንቅቄ ላክሁት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ውጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ የውስጡን በሚያሳየን ቴሌቪዥን ላይ አፈጠጥኩ። ኮ ታውንግ ብቅ አለ። ሰገደ። ከሐውልቱ ጉልበት አጠገብ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወረቀቷን ሳይከፍት ሽርጡ ውስጥ ሸጎጣትና ወጣ።

አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ያ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቀውም አልኳት።

ሲመጣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አሳምሬ ለጠፍኩልሽ አለኝ። በአገጬ ቴሌቪዥኑን አሳየሁት። ከሴቶች ጋር ተቀምጦ አያውቅምና ነገሩ ገና ያኔ ገባው።

«ልትሸጠው ነው?» አልኩት።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ከተሻለሽ ትሄጃለሽ» አለ።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። መሄዴ ቅር የሚለው አልመሰለኝም ነበር። ጉልበቴን እንደታመመ ሊያስቀረው መፈለጉ አበሸቀኝ፤ ደስም አለኝ።

«ያመኛል እኮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ገባ። ወርቋን ከቀኙ ጉልበት ላይ አሳርፎ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ሲያሻት በቴሌቪዥኑ አየሁት። ከኋላው የተሰለፉት ይጎነትሉታል፣ እሱ ግን ጠርዝ ጠርዟን ይዳብሳል። እንባዬ መጣ።

ወጥቶ ብብቴን ይዞ አስነሳኝና አውቶቡሱ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ሁለት ወንበር ስናገኝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ቲንዛ ቤት ያለው ፍራሽ ስስ ነው። ወገቤን ብለህ እንዳትነጫነጭብኝ።»

ክንዴን ይዞኝ ቀስ እያልን ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ፣ ያንጎን ውስጥ ደህና የሚታኘክ ቅጠል ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።