የሞላልኝ ጆሮና የቤዙ ሳጥን

ባሌ ሞላልኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰላ ድንጋይ ከተማ ወፍጮ ቤት ሠርቷል። ጆሮውን የበላውም ወፍጮው ነው። ደብረ ብርሃን ከገባን ወዲህ ቀጭን ድምፅ ጭራሽ አይሰማም፤ ስልክ ቢጠራ፣ በር ቢንኳኳ ለእሱ ምንም ነው። ወፍራም ድምፅና የእኔን ቁጣ ግን ይሰማል። ለዚህ ነው ልጃችን ሰላማዊት የገዛችለትን የቤዝ ሳጥን፣ ሳብዉፈር የሚሉትን፣ ከእኔ ባልተናነሰ የሚወደው። በርጩማውን ሳጥኑ ሥር ያስጠጋና ጉንጩን አስደግፎ የበገና መዝሙር ያዳምጣል። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ማሽኑ ደህና መዞሩን የሚያውቀው ጎኑን ተደግፎ ነው።

ጾሙ ሊገባ ሲል አሮጌው ሪሲቨር ተቃጠለ። የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ድምፁን ለስፒከሮቹና ለቤዙ የሚያከፋፍለውን ነው። ሰላማዊት ቅዳሜ ዕለት ከአዲስ አበባ አዲስ ይዛ መጣች፣ ገጣጠመችውና በማግስቱ ጠዋት ተመለሰች። ሞላልኝ ወዲያው በገናውን አስከፈተኝ፤ ጉንጩን አስደገፈ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና አየኝ።

"ከፍተሽዋል?"

"ከፍቻለሁ እንጂ።"

ደግሞ ተደገፈ። ከዚያ በርጩማውን ይዞ ተነሣ።

"የቀረችኝም አለቀች" አለኝ።

እጄን ሳጥኑ ላይ አደረግኩ። የወትሮው መንዘር የለም፤ ትንሽ ትር ትር ይላል እንጂ። ከኋላው ያለችውን የድምፅ ቁልፍ እስከ ጥግ አዞርኩ፤ ያው ነው። "ማሽኑ ነው እንጂ አንተ አይደለህም" ብዬ ጮኽኩለት። "አዲስ ማሽን ምን ይሆናል? ያረጀሁት እኔ ነኝ" ብሎ ግቢ ወጣ፤ ግንቡ ሥር ተቀመጠ።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሞላልኝን ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በዚያ ሰሞን ግን አንጀቴን በላው። ሹራብ ሳይደርብ ብርዱ ላይ ሲቀመጥ ዝም አልኩ። በጭቃ ጫማው ምንጣፌ ላይ ሲሄድ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ አቀርቅሮ ትንሽ ይቀምሳል፣ ትቶት ይወጣል። ፊቴን እንኳ አያይም። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ እኔም ማታ ማታ አለቀስኩ።

ረቡዕ ዕለት ሸሪፍን ጠራሁት። የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ቴሌቪዥንና ቴፕ ይጠግናል። መጀመሪያ ገመዱን ነቅሎ በሌላ ቀየረው፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሳጥኑን ከሪሲቨሩ ነጠለና በገዛ ስልኩ ላይ ሰካው። የቡፌው ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

"ሳጥኑስ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አለ፤ እኔ ያዞርኳትን ቁልፍ መሀል ላይ እየመለሰ። "እትዬ ብርነሽ፣ ይሄ አዲሱ ሲገጠም ትንሽ ማይክ ነበረችው?"

"ነበረችው። ሰላማዊት 'መመሪያው የሚያዳምጠው ሰው ጆሮ የሚሆንበት ቦታ ይቀመጥ ይላል' ብላ አባቷን የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። እሱም በርጩማውን አሳያት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጉንጩን የሚያስደግፍበት ላይ አኖረቻታ። ሳጥኑ ላይ።"

ሸሪፍ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ በየስፒከሩ ድምፅ ያወጣና በማይኳ እየሰማ ይመዝናል። ማይኳ ሳጥኑ ላይ ስትቀመጥ ቤዙ ጆሮዋ ሥር ጮኸባት፤ ማሽኑም በዛ ብሎ ቀነሰው። ሸሪፍ በቴሌቪዥኑ አሳየኝ፤ የቤዙ መጠን ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ላይ ወርዷል፣ ከዚያ በታች መውረጃም የለው።

"ወላሂ ማሽኑ ለጋሽ ሞላልኝ አዝኖላቸው ነው እኮ የቀነሰው" አለኝ።

ማይኳን ከቤቱ መሀል፣ እኔ የምቀመጥበት ሶፋ ራስጌ ላይ አደረጋትና ዝም እንድል ለመነኝ። ፉጨት መጣ፣ ሹክሹክታ መጣ፣ በመጨረሻ ድም ድም የሚል ነገር እግሬን ነዘረኝ።

ግቢ ወጥቼ የሞላልኝን ክንድ ነካሁት፤ ወደ ቤት ጠቆምኩት።

"ተይኝ ብርነሽ" አለኝ ወደ መሬት እያየ። "ደግሜ ሞክሬ ባልሰማውስ?"

እጁን አልለቅ ስለው ተነሣ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። ጉንጩን አስጠጋ፤ ሸሪፍ በገናውን ከፈተው።

ሞላልኝ ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በሳጥኑ ጎን ወረደ። ሸሪፍ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ፤ አንዷን መፍቻ ሦስት ጊዜ እያወጣ መልሶ ከተታት።

መዝሙሩ ሲያልቅ ሞላልኝ ከስንት ቀን በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

"ከእሑድ ወዲህ ስትቆጪ አልሰማሁሽም" አለ። "በጭቃ ጫማ ምንጣፍሽ ላይ የሄድኩት አውቄ ነው። ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። ምንም የለም። ዞሬ ላይሽ ደግሞ ፈራሁ፤ አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቼ ድምፁን ባጣውስ? በገናውስ ይቅር ብርነሽ። እኔ አንቺም የጠፋሽብኝ መስሎኝ ነው ግቢ የተቀመጥኩት።"

ለካ አዝኜለት ዝም ባልኩ እንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከዚያ አፌን ከፈትኩና የአራት ቀኑን በአንዴ አወረድኩበት፤ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ሹራቡ፣ ትቶት ስለሚነሣው ምግብ፣ ሳይጠይቀኝ በልቡ ስለሚፈርደው ነገር። ሸሪፍ ደንግጦ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሞላልኝ በርጩማውን ከሳጥኑ አራቀና ወደ እኔ አስጠጋው፤ እስክጨርስ ድረስ በእያንዳንዱ ቃል ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።