ሁለት ተኩል ሚስት

«ስማ፣ ስማ! ላልሰማ አሰማ! የቡሬ ክሊኒክ ሽንት ቤት ከዛሬ ጀምሮ በር፣ በሩም ቁልፍ ያለው መሆኑን እወቅ!»

አዋጁ የተነገረው በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በገበያ መሐል፣ ነጋሪት ተጎስሞ ነው። ለአንድ የቆርቆሮ በር ነጋሪት ቢበዛበትም፣ የቁልፉ ጠባቂ፣ የክሊኒኩ ሐኪም ድሬሰር ይሄይስ አልተከፋም። ቁልፉን ከማተቡ ጎን አንጠልጥሎ ሲንጎራደድ ላየው ሰው የግምጃ ቤት ሹም ይመስላል።

በዚያው ሰሞን ከበላይ አንድ ፎርም መጣለት፤ ስር የሰደደ የሽንት ፊኛ ሕመም ያለባቸው አዋቂ ሴቶች ስንት እንደሆኑ፣ አባወራዎችን እየጠየቀ እንዲሞላ። ይሄይስ ታዛዥ ነውና አርባ አባወራ ጠየቀ። አርባውም የሚስቶቻቸውን ጤንነት አረጋገጡ፤ አንዱማ «የኔ ሚስት በሬ ናት!» ብሎ ተቆጣ። ፎርሙ ላይ «የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ቁልፉ ግን ሌላ ይናገር ነበር። ከእነዚያው አባወራዎች ሚስቶች አንዳንዶቹ በአንድ ረፋድ አራት ጊዜ ይመላለሱበታል። «ለእህቴ ነው» ይላሉ፤ እህትየዋ አትታይም። ይሄይስ ቀስ ብሎ ሲጠይቃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ያወጡታል፦ ከእምብርት በታች እንደ ፍም የሚያቃጥል፣ ሸንተው ሳይጨርሱ መልሶ የሚያጣድፍ፣ ዓመታት የቆየ ሕመም። እያንዳንዷ እሷን ብቻ የያዛት ይመስላታል። «አደራ፣ ስሜን እንዳታነሳ» ትለዋለች። ከአርባው አሥራ ሰባት ሆኑ።

ከአሥራ ሰባቱ አንዷን፣ ሀብትነሽን፣ ባሏ አድማሴ ስድስት ሽማግሌዎች ፊት አቆማት። ከቅዳሴ ሁለቴ፣ ከማኅበር ሦስቴ ተነስታ ወጥታለችና ውሽማ አላት ነው ክሱ። ከተፈረደባት ስሟ ጠፍቶ፣ ልጆቿን ትታ ሊበን ወዳለው አባቷ ቤት መመለሷ ነው።

«ሽንት ማጥ ነው የያዘኝ፣ አባቶቼ» አለች።

«ስንት ሴት ባለበት አገር አንቺን ብቻ መርጦ?» አለ አድማሴ።

ሰብሳቢው መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጺማቸውን ዳሰሱ። «እርግጥ እኛም እንዲህ ያለ በሽታ ሰምተን አናውቅም። እስቲ ሐኪሙ ይጠራ።»

ይሄይስ መጥቶ ከአርባ ሴቶች አሥራ ሰባቱን እንደሚያማቸው ተናገረ።

«የሽንዲ ሴቶች ይሆናሉ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ ነገሩን ወደ ጎረቤት አገር ገፍተው። ሁሉም ሳቁ።

ይሄይስ ሀብትነሽን አያት። እግሮቿን አቆራኝታ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች፤ ያን ሰዓትም ይዟታል። ስም እንዳይጠራ አደራ አለበት። ስለዚህ ስድስቱን ሽማግሌዎች ተራ በተራ ተመለከተና በልቡ አሰላ። በአርባው ልክ ከሄደ፣ ከስድስት ሚስት ሁለት ተኩል ይደርሳል። ግማሽ ሚስት ያለው ሽማግሌ ስለሌለ ወደ ሦስት አስጠጋው።

«አባቶቼ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት የሦስታችሁን ሚስቶች ያማቸዋል።»

ሳቁ ቆመ። እያንዳንዱ ጎረቤቱን በሐዘኔታ ሊያይ ዞር አለ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የገዛ ቤቱን አስታወሰ።

«በቅዳሴ ሁልጊዜ በር አጠገብ መቆም» አሉ መሪጌታ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ከትሕትናም ይሆናል። የኛዋ እህተ ማርያም ለምሳሌ...» አልጨረሱትም።

«የኛይቱም ሌሊት የምትወጣው ጅብ ልታባርር ነው» አሉ ሌላው።

«በየሌሊቱ?» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት።

«ጅቡ በየሌሊቱ ይመጣላ!»

ከዚያ በኋላ ፍርዱ ፈጠነ። አድማሴ ክሱን ያንሳ፤ ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቅ፤ በመጀመሪያው ሎንቺና አሳፍሮ በፍኖተ ሰላም በኩል ትልቅ ሐኪም ቤት ያድርሳት። አድማሴ «ሦስቱ ግን እነማን...» ሊል ሲጀምር ስድስቱም በአንድ አፍ «ተወሰነ!» አሉት።

ይሄይስ ወደ ክሊኒኩ ሲመለስ መሪጌታ ከኋላ ደረሱበት።

«ልጄ፣ የኔዋ ከሦስቱ አንዷ ናት?»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

«አንተስ? ሚስቶቻችንን ሳታያቸው በምን ቆጠርካቸው?»

«አልናገርም፣ መሪጌታ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደማልናገርም አልናገርም።»