ገዳዩ የማያብድበት ፊልም

«ሰውየው መቼ ነው የሚያብደው?»

ቺፍ ኦዞኤሜና ፊልሜን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተው የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ኢኑጉ ከተማ፣ ኦጉዪ መንገድ ላይ ባለው ቢሯቸው ተቀምጠናል፤ እሳቸው የኮላ ፍሬ እየቆረጠሙ፣ እኔ ንዴቴን እየዋጥኩ። አያብድም አልኳቸው። ሚስቱን ይገድላል፣ ማንም አይይዘውም፣ ያረጃል፣ ማዕረግ ይቀበላል፣ በክብር ይቀበራል። ፊልሙም እዚያ ላይ ያልቃል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ። «ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገዳይ ሲሾም ሊያይ ነው? እሱንማ በነጻ ያየው የለም ወይ።»

እውነታቸውን ነው። ቺፍ ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ ፊልም ሲያሠሩና ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ እኔም በእጃቸው ነው ያደግኩት። የልብ አንጠልጣይ ፊልም ሕግ የሚባለውን ሁሉ አብረን ነው ያወጣነው። መጀመሪያ ገዳይ ማለት ቀይ ጨርቅ ያገለደመ፣ የራስ ቅል ፊት ተንበርክኮ ሀብት የሚለምን ሰው ነበር። ቢላዋው ሊያርፍ ሲል ካሴቱ ያልቃል፤ ሴትየዋ ትሙት ትዳን ማወቅ የፈለገ ክፍል ሁለትን ይገዛል። ፓስተሩ መጽሐፉን ይዞ ሲደርስ ሰማዩ ያጓራል። ሲዲ ሲመጣ ጠንቋዩ ጡረታ ወጣና ገዳዩ ሱፍ ለበሰ፣ መስኮቱ የጠቆረ ጂፕ ነዳ፣ ሰው አገተ። ቀጥሎ ሞባይሉ መጣ፤ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል አዳራሹ ሁሉ «አታንሺው» ይላል። ተመልካቹ ነቅቶ ገዳዩን ገና ሲገባ መለየት ሲጀምር፣ እኛም ነቃንና ገዳዩን የልብ ጓደኛ፣ መንታ ወንድም፣ ሳቂታ አማት አደረግነው። ዛሬ ሰው ፊልሙን በስልኩ ነው የሚያየው፤ አውራ ጣቱ ትዕግሥት ስለሌላት የተዋናዮቹ ስም ተነቦ ሳያልቅ ሬሳ መውደቅ አለበት። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ አንድ ነገር ብቻ ንቅንቅ አላለም። ገዳዩ በመጨረሻ ያብዳል። ልብሱን ቀዶ ገበያ መሃል እየሮጠ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ይላል። ፖሊስ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

ይህን እብደት ስንት ጊዜ እንደቀረጽኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ውሸት መሆኑን ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ታላቅ እህቴ ኦዲናካ፣ ፍንጭቷ፣ አባክፓ ሰፈር ከባሏ ከአኑኖቢ ጋር ትኖር ነበር። እኔ የካሴት ፊልም ልሠራ ሌላ ከተማ ሄጄ ሳለሁ ጠፋች። አኑኖቢ ከወንድ ጋር ወደ ሊብረቪል ኮበለለች አለ። ልብሷ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ጫማዎቿ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። እህቴ በባዶ እግሯ ጋቦን ገባች ማለት ነው። ፖሊስ ጋ ሄድኩ፣ ሽማግሌዎች ጋ ሄድኩ፤ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠልኝ፣ እሱን የጠየቀው ግን የለም። አኑኖቢ አላበደም። ሌላ ሚስት አገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ሰጠችው፣ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር የክብር ወንበር ተሳበለት። ባለፈው የሐርማታን አቧራማ ነፋስ ወቅት ሲሞት ላሞች ታረዱ፣ መድፍ ተተኮሰ። ሰው በፕላስቲክ ሳህን ሩዙን ይዞ ሲስቅ ቆሜ አየሁ። የዚያን ቀን ነው የወሰንኩት። ከሠራኋቸው ፊልሞች ሁሉ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ እንደ እውነቱ ያልቃል።

ቺፍ ታሪኩን ያውቃሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነጋዴ ናቸው። ፊልሙ አባክፓ፣ በደብሩ አዳራሽ፣ ለሰፈሩ ሰው ይታይ አሉኝ። ሰዉ ከተቀበለው እኔ እንደጨረስኩት ይወጣል፤ ካልተቀበለው እብደቱ ይጨመራል፣ ስሜም ከላዩ ላይ ይኖራል። ውሉ እንደዚያ ይላልና የምከራከርበት አልነበረኝም።

ለእብደቱ የሚሆን ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ሲልቫኑስ ይባላል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ገዳይ ሆኖ ሲሠራ ጸጉሩ የሸበተ ተዋናይ ነው። ገበያ ሲገባ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጀርባቸው ይስባሉ። ሳቁ ዝነኛ ናት፤ ከሆዱ ተነሥታ፣ ደረቱ ላይ ተንከባልላ፣ በአፍንጫው ትወጣለች። የኔን ፊልም ስንቀርጽ ያቺን ሳቅ ማስተው ጥርስ እንደመንቀል ሆነብኝ። ሚስቱን ገድሎ የኤጉሲ ሾርባ የሚበላበት ቦታ ላይ ደጋግመን ቀረጽን፤ ሁልጊዜ ማንኪያውን አስቀምጦ ይስቃል።

«ኤኩቶሲ፣ ካልሳቅኩ ክፉ መሆኔን በምን ያውቃሉ?» አለኝ በመጨረሻ፣ ከልቡ ተቸግሮ።

«አያውቁማ» አልኩት። «አኑኖቢ ሲስቅ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ማንኪያውን አነሣ። ከዚያ ሾርባውን እስከ መጨረሻው በላ፤ ጣቱን ላሰ፣ ውሃ ጠየቀ። ካሜራውን የያዘው ሰው ፊቱን አዞረ። እንዲህም ሆኖ ሲልቫኑስ የቺፍን እንጀራ ማጣት አልፈለገም፤ ማታ ማታ ከቤቱ ጓሮ ማበድ ይለማመድ እንደነበር ሚስቱ ነግራኛለች።

የመጀመሪያው ቀን ማሳያ ጉድ ሆነ። ግድያው ላይ ስደርስ ዘመናዊ ልሁን ብዬ ሙዚቃውን ቆርጬ፣ ሥዕሉንም አጥፍቼ፣ ጥቁር ብቻ ትቼ ነበር። ሰው በጨለማና በዝምታ ውስጥ ይፈራል ብዬ። የፈራ የለም። ገና ከመጥቆሩ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «መብራት ሄደ» አለ። የደብሩ ጥበቃ ደግ ሰው ናቸው፤ እየሮጡ ወጥተው መስመሩን ወደ ጄኔሬተር ሲያዞሩት ማሳያው ጠፋና ያኔ በእውነት ጨለመ። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣ ኦቾሎኒ ሻጯ ስትዞር፣ ወሬው ሲደራ፣ እህቴ ዳግመኛ ማንም ሳያያት ሞተች። መጨረሻው ላይ ሰዉ «እና አላበደም?» እያለ እያጉረመረመ ወጣ። ቺፍ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እብደቱን ሰኞ እንቀርጻለን አሉ።

አልኳቸው፦ እስከሚቀጥለው እሁድ ስጡኝ፣ አንዴ ብቻ ደግመን እናሳይ፤ ያኔም ሰዉ እንቢ ካለ ከሲልቫኑስ ጋር እኔም አብዳለሁ። ሳቁና ፈቀዱ።

በማግስቱ ቅንብር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን ስራገም መብራት ሄደ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር ተነሣ፣ ቀጥሎ የማዶው፣ ቀጥሎ የሁሉም። እኔም እንደ ሁልጊዜው ድምፄን ከፍ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ፤ ለማን እንደማወራ እንጃ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በካሴቱ ዘመን የምንቀርጸው በጄኔሬተር መብራት ነበር፤ ጩኸቱ ካሴቱ ላይ እየገባ ሲያስቸግር ቺፍ «ከበሮ ጫኑበት» ይሉ ነበር። ከበሮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጫንንበት። ሰዉም ፍርሃት ማለት ከበሮ ነው ብሎ ለመደ፤ እኛም ረሳነው። ከከበሮው ሥር ግን ያ ድምፅ ሁልጊዜ ነበር። እኛ አገር ሰው ቢጮህ የማይሰማው በዝምታ አይደለም፤ በጄኔሬተር ጩኸት ነው።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነካኝም ማለት እችላለሁ። ከበሮውን በሙሉ አወጣሁ፣ ጥቁሩን ጣልኩ። መቅጃዬን ይዤ ከግቢ ግቢ እየዞርኩ ጄኔሬተር ቀዳሁ፤ ትልቁን፣ ትንሹን፣ የሚያስለውን። አሁን ፊልሙ ውስጥ መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተሮች ይነሣሉ፣ ባልና ሚስት በመስኮት ይታያሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ አይሰማም። ከዚያ መብራት ይመጣል፣ ሕፃናት በደስታ ይጮኻሉ፣ ጄኔሬተሮቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። በመጨረሻ የሚሰማው ሲልቫኑስ ሾርባ ሲበላ ብቻ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ቺፍ ቀይ ቆባቸውን አድርገው ፊት ተቀመጡ፤ ሲልቫኑስ ከጎናቸው። ጥበቃውን አስቀድሜ ለምኜአቸዋለሁ፤ ምንም ቢሆን እንዳይሮጡ።

ጄኔሬተሮቹ ሲነሡ ሰዉ ማውራቱን ተወ። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ጎረቤት የለም?» አለች፤ ማንም አልሳቀባት። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ወንዶቹ ሳይቀሩ ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ። ከዚያ ቀብሩ መጣ፤ ላሞቹ፣ መድፉ፣ ሩዙ፤ ከድግሱ መሃል ሳህን ያልያዘች አንዲት ሴት። አለቀ። የመስኮቶቹ መጋረጃ ተከፈተ፣ ሸራው ተጠቀለለ። የተነሣ የለም።

«በቃ? አያብድም?» አለ አንድ ጎልማሳ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ቺፍ ወደ ሲልቫኑስ ዘንበል ሲሉ አየሁ።

በዚህ መሃል ማማ ኦቢኦራ ተነሡ። የአኑኖቢ የአጥር ጎረቤት የነበሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። እህቴን «ልጄ» ይሏት ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ተጠቀለለው ሸራ አዩ።

«ይሄ ፊልም አንድ ስህተት አለበት» አሉ። «መብራት ሲመጣ ጄኔሬተሩን ሁሉም አጠፋ ይላል። የኛ አልጠፋም።»

ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ባሌ ሊያጠፋው ወጥቶ ነበር። አኑኖቢ በአጥሩ መጣና፣ እባክህ ትንሽ ይቆይ፣ ናፍጣውን እኔ እችላለሁ አለው። መብራት እያለ ጄኔሬተር ምን ያደርግልሃል ብሎ አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩም። የናፍጣውን ጀሪካን የተቀበልኩት በዚህ እጄ ነው። በማግስቱ ግቢው ውስጥ አዲስ ያስቆፈረውን ጉድጓድ በሲሚንቶ ሲያስደፍን አየሁት፤ ኦዲናካ ሊብረቪል ሄደች ሲለንም እሺ አልነው።» ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እሱ ቢያብድ ደስ ይለን ነበር። እኛ እንገላገል ነበር።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት እኚህን ሴትዮ እጅ ነስቼ ነው ያለፍኩት።

ቺፍ ቆባቸውን አወለቁ። ለሲልቫኑስ «ሂድ ወደ ቤትህ» አሉት። «አታብድም።»

ሲልቫኑስ ሄደ፣ ግን ዲጂኖ ይዞ ተመለሰ። የአኑኖቢ ሁለተኛ ሚስት ቤቱን ዘግታ ሌጎስ ልጆቿ ጋ ነበረች፤ ቺፍ ስልክ ደወሉላት። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ «ቆፍሩ» አለች። ሲሚንቶውን መጀመሪያ የመታው ሲልቫኑስ ነው፤ ያ ሁሉ ገዳይ የተጫወተ ሰው እንባው እየወረደ መታው። ፖሊስ ስንጨርስ ደረሰ። ከአፈሩ ሥር አንድ ሽርጥ ጨርቅ ነበር፣ ከዚያ አጥንቶች፣ ከዚያ ጥርሶቿ። ፍንጭቷን በጣቴ ነካሁት።

ፊልሙ እኔ እንደጨረስኩት ወጣ። ኦዲናካን አባታችን ግቢ ቀበርናት። ቺፍ እንደ ደንቡ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ አስመጥተው ነበር፤ መዝሙሩ አገር ያናውጣል፣ ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ሣጥኑ ሲወርድ አጥፉልኝ አልኩ፤ አፈሩ ሲያርፍባት መስማት ፈልጌ ነበር። በጩኸቱ መሃል የሰማኝ የለም። ማማ ኦቢኦራ ግን ሰሙኝ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከድንኳኑ ጀርባ ሄዱና በእጃቸው አጠፉት።