ከግራ የሚጀምሩት መስመሮች

ናዋል ሪያድ ተወልዳ ሪያድ ያደገች፣ ባዲዓ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የመናዊ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ የምትሠራ ልጅ ናት። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለኅትመት ታሰናዳለች። ኅዳጉን ታስተካክላለች፣ የመስመሩን ርቀት ታመቻቻለች፤ በመጨረሻም ተማሪው ሁሉ የሚሰለቸውን የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ታሰልፋለች። አማርኛ ከኢትዮጵያዊት እናቷ ጋር ታወራለች እንጂ ማንበብ አትችልም።

ጀብሪል ወደ እሷ የመጣው ጽሑፉ ከዩኒቨርሲቲው ከተመለሰበት በኋላ ነው። የደሴ ልጅ ነው። በነጻ የትምህርት ዕድል መጥቶ፣ ስለ ወሎ የድሮ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች የዶክትሬት ጽሑፉን በዐረብኛ ጽፎ ጨርሷል። የትምህርት ዘመኑ ስላለቀ ከተማሪዎች ማደሪያ አስወጥተውት፣ ዑድ በሚባል ሰፈር ከግንበኞች ጋር ተደርቦ ይኖራል። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ሊያበቃ ተቃርቧል። የሚታደስለት ደግሞ ጽሑፉ ለፈተና ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ደብዳቤ ሲይዝ ብቻ ነው።

«ይዘቱን አሳልፈውታል» አላት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጠ። «የመለሱት ለዚህ ነው።»

ገለጠችው። የዐረብኛው ዋቢዎች ከቀኝ ኅዳግ ተነሥተው ቀጥ ብለው ወርደዋል። በመካከላቸው የገቡት የአማርኛ መጻሕፍት ግን ፈራርሰዋል። ከቀኝ እንዲጀምሩ ስለተገደዱ ቅንፉ ተገልብጧል፣ ዓመተ ምሕረቱ ከደራሲው ስም ፊት ዘሎ ተቀምጧል፤ መስመሩ እንዲሞላ ተብሎ የተለጠጡት ቃላት እንደ ወላቃ ጥርስ ተራርቀዋል። በቀይ እስክሪብቶ «ያልተስተካከለ» የሚል ተጽፎበታል።

«በዐረብኛ ፊደል ልጻፋቸው?» አለችው። «ወይ እናውጣቸው። ጥቂት ናቸው እኮ።»

«አይሆንም እህቴ። ይህችን ታያለሽ?» ጣቱን አንዷ መስመር ላይ አሳረፈ። «ሼህ ሀምዱ። ቁርኣን ያቀሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህችን ቀጭን መጽሐፍ ደሴ አሳትመው፣ ሳትነበብላቸው ሞቱ። እስከ ዛሬ የጠቀሳት ሰው የለም። ፊደሏን ለውጬ ባስገባት ማን ፈልጎ ያገኛታል?»

ናዋል አልተከራከረችውም። የአማርኛዎቹን ከዐረብኛዎቹ ሥር ለብቻቸው ሰብስባ፣ ከግራ እንዲጀምሩ አደረገቻቸው። ማንበብ ስለማትችል ጀብሪል ከጎኗ ተቀምጦ የደራሲው ስም የት እንደሚያበቃ፣ የመጽሐፉ ርእስ የት እንደሚጀምር እያሳየ ይነግራታል። የቃላቱን መለጠጥ አስቀረች፤ የእያንዳንዱን ሁለተኛ መስመር ገባ አደረገች። ሲያልቅ ጀብሪል ገጹን ከማተሚያው አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«እንዲህ ነበር ያሰብኩት» አላት።

የጽሑፍ ቅርጽ የሚመረምረው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ግን እንደገና መለሰው። ደንቡ ዝርዝሩ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ይሁን ነው የሚለው፣ አለ። ጀብሪል ለኮሚቴው ማመልከቻ አስገባ። ጠብቅ አሉት። እየጠበቀ ሳለ ኢቃማው አበቃ።

«ያላ፣ አውጣቸውና ይለፍልህ» አለችው ናዋል፣ ተናዳ። «እዚህ አገር ሰው ለኢቃማ ስንቱን ይሆናል። አንተ ለመስመር ብለህ ልትጠፋ ነው?»

«ኮሚቴው ያየዋል፣ ኢንሻአላህ።»

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ፣ ዑድ ውስጥ ፍተሻ ወረደ። ጀብሪል ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ያዙት። ከተርሂል፣ ሰው ከአገር ከማስወጣታቸው በፊት ከሚያጉሩበት ግቢ፣ በሰው ስልክ ደወለላት።

«ናዋል፣ አውጫቸው።»

«የቱን?» አለች፣ እያወቀች።

«የአማርኛዎቹን። አውጪና አስገቢልኝ። ደብዳቤው ከመጣ ይለቁኛል፤ እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

«ሼህ ሀምዱንም?»

ከበስተኋላው ሰዎች ስልኩን ለመቀበል ሲሻሙ ይሰማል።

«ሁሉንም አልኩሽ። ኸላስ፣ በቃ።»

ናዋል አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። አንዱን ባጠፋች ቁጥር የታችኛው መስመር ራሱ ወደ ላይ ይወጣና ቦታውን ይዘጋዋል። ስትጨርስ ገጹ ልሙጥ ነው፤ እዚያ ሌላ ነገር እንደነበረ ማንም አይጠረጥርም።

ጽሑፉን ስታስገባ፣ ቅርጽ መርማሪው ሠራተኛ ሌላውን ገጽ ሳያይ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገለጠ። ማስመሪያውን በቀኙ ኅዳግ ላይ ዘረጋ። «አሁን ተስተካከለ» አለና ማኅተሙን መታበት። ደብዳቤው ተፈርሞ ሲወጣ፣ ባለሱቁ የመናዊ ናዋልን በመኪናው ተርሂል ድረስ ወሰዳት። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ደብዳቤውን አላነበበም፤ የጀብሪልን ስም ብቻ ጠይቋት ገብቶ ተመለሰ።

«ተሳፍሯል» አላት። «ትናንት።»

ተፈታኙ በአካል ካልቀረበ ፈተና የለም፣ አለ ዩኒቨርሲቲው። ለመመለስ ቪዛ አልሰጡትም። የፈተናው ቀን ሲያልፍ ፋይሉ ተዘጋ።

ጀብሪል ከደሴ የደወለላት ከርሞ ነው። የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይሸጣል። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

«ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የቀረው ቅጂ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ያለ አማርኛው።»

«አዎ። አውጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የሼህ ሀምዱ ልጅ መስጊድ አገኘኝ። መጽሐፏን መጥቀሴን ከመያዜ በፊት ለእናቴ ነግሬያት ነበር፤ እሷ ነግራዋለች። ‹የአባቴን መጽሐፍ ሪያድ ድረስ ወስደህ ስማቸውን አስጻፍክ› ብሎ ሰው ሁሉ እያየ ትከሻዬን ሳመኝ።»

«ምን አልከው?»

«ምን እላለሁ፤ አሜን አልኩት።»

ናዋል ስልኩን አስቀምጣ፣ ፊቷ የተከፈተውን የሌላ ተማሪ ዝርዝር ለማሰለፍ ሞከረች፤ መስመሮቹ ዐይኗ ላይ ተደበላለቁባት። ለባለሱቁ አሞኛል አለችውና ጸሐዩ ገና ሳይበርድ ወደ ቤቷ ሄደች።