ውሃ ይከፍላል

ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው መቼም ሞልቷል። ውሃ ተከፈለ ብለው የተጣሉ ግን በእኔ ዕድሜ የኔታ አካለ ወልድ ብቻ ናቸው። የተጣሉትም ከእኔ ጋር ነው!

ስጦታው እባላለሁ። በዘጠና ስድስት ዓ.ም. ቢቸና ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የምወዳት ልጅ ብሩክታይት ደግሞ ሞጣ ነበረች። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ አብረን ተምረን ስንጨርስ፣ እሷ ባዮሎጂ ልታስተምር አገሯ ገባች። አባቷ የኔታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው። እሳቸው እሺ ካሉ በግንቦት እንጋባለን። እምቢ ካሉ ግን ብሩክታይት አባቷን አስቀይማ የምትመጣ ልጅ አይደለችም፤ ቁርጡን ነግራኛለች። እንግዲህ ፋሲካ እንዳለፈ ሽማግሌ ላክሁ።

ወይ መላክ! ከሽማግሌዎቹ ዋናው የቤት አከራዬ ጋሽ ደምለው ነበሩ። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ የማሳየውን፣ ውሃን በባትሪ ለሁለት የመክፈል ሙከራ ቤት ውስጥ ስለማመድ አይተውኝ፣ ከዚያ ወዲህ ላገኙት ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሳያወሩ አይውሉም። የኔታ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ሲሏቸው ደረታቸውን ነፍተው፣ "የኛ ልጅ ተራ አስተማሪ እንዳይመስልዎ፤ ውሃ ይከፍላል!" አሉ።

ሌላ ቤት ቢሆን ይኼ ነገር በሳቅ ያልፍ ነበር። የኔታ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሙን እየገፈፉ ወርቁን ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ "እንደምን ዋሉ" ቢሏቸው እንኳ ውስጡን ይፈትሻሉ። "ይከፍላል" የምትለዋን ቃል አገላበጧት። ሌላው ለጥሎሽ ወርቁን ያመጣል፣ ይኼ ውሃ ይከፍላል? ልጄ የውሃ ዋጋ ናት ማለታችሁ ነው?

"ቅኔያችሁ ገብቶኛል" ብለው ተነሡ። "ውሃ የሚከፍል ሰው ወንዝ ወርዶ ያግባ!"

ጋሽ ደምለው ተመልሰው ይኼን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ 'ውሃን ይለያያል' ቢሉ ምን ነበረበት!" አልኋቸው።

"እኔ ምን ላድርግ? ሙሴስ ባሕር ከፈለ አይደል የሚባለው?" ብለው እሳቸውም ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። እኔን ያናደደኝም እውነታቸውን መሆኑ ነው።

እኔ ደግሞ ከተናደድሁ አልቀመጥም። የሬድዮ ባትሪ ድንጋዮች፣ የመዳብ ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶችና ከትምህርት ቤት የተዋስኋቸውን ሁለት ቀጫጭን ብልቃጦች በፌስታል ቋጥሬ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ወረድሁ። ልጅ የሚጠይቅ ሰው ራሱ እግሩን አንሥቶ ወደ አባትየው ቤት አይሄድም፤ ነውር ነው። "አብደሃል እንዴ?" አሉኝ ጋሽ ደምለው። "አዎ አብጃለሁ፤ ይምጡና ይመስክሩልኝ" ብዬ ጎተትኋቸው። በደብረ ወርቅ አድርገን፣ አቧራችንን ጠግበን ሞጣ ገባን።

የኔታ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ብሩክታይት ከቤት ብቅ ብላ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች።

"ማን ልበል?" አሉ የኔታ።

"ስጦታው ነኝ፤ ውሃ ከፋዩ።"

ፌስታሌን ገርመም አደረጉት። "ጥሎሹን ይዘህ መጣህ?"

"የኔታ፣ በሞጣ ጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ፣ ያ ነገር ቅኔ አልነበረም! ሰም ብቻ ነው፣ ወርቅ የለውም። እኔ ውሃን እንደ እንጨት እፈልጠዋለሁ። ሁለት ነገር ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ የሚነድ፣ አንዱ የሚያነድ።"

"እሳት የሚያጠፋው ውሃ የተሠራው ከሚነድና ከሚያነድ ነገር ነው እያልኸኝ ነው?"

"አዎ!"

"ባታሳየኝስ?"

"ልጅዎን ዳግመኛ አልጠይቅም!"

ምን ቆርጦኝ ነው እንዲህ ያልሁት? አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ብሩክታይት ከበሩ ላይ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

ከጣራ የወረደ የዝናብ ውሃ በሳህን ቀረበልኝ። እርሳሶቹን በሽቦ አሥሬ ከባትሪዎቹ ጋር አገናኘሁና ነከርኋቸው። ምንም የለም። አንድ አረፋ እንኳ! ያኔ ትዝ አለኝ፤ የሶዳ ዱቄቱን ረስቼዋለሁ። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ የሚሟሟበት ነገር ይፈልጋል። ሶዳዬ ቢቸና ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል።

"ጨው ይምጣለት" አሉ ጋሽ ደምለው።

"አይሆንም! ጨው ከገባበት የሚወጣው እንደ በረኪና የሚሸት መርዝ ነው።"

"ውሃው እምቢ አለ" አሉ የኔታ፤ ፈገግታቸው አላማረኝም። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል።

ብሩክታይት ወደ ማድ ቤት ገባች። ቆይታ በኩባያ ግራጫ ነገር ይዛ መጣች። "አመድ በውሃ በጥብጬ በጨርቅ አጥልየዋለሁ" አለች ወደ መሬት እያየች። "ይሆን ይሆን?"

እንዴት አይሆን! አመድ ውስጥ እኮ የሶዳው ወንድም አለ! ተነሥቼ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም፤ አባቷን አየሁና ተቀመጥሁ። የአመዱን ውሃ ሳህኑ ውስጥ ጨመርሁት፣ ብልቃጦቹን ውሃ ሞልቼ በእርሳሶቹ ላይ ደፋኋቸው። ከዚያማ ከእርሳሶቹ ጫፍ አረፋው ይትጎለጎል ጀመር።

"ፈላ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ደምለው።

የኔታ ጣታቸውን ሰደዱ። "ቀዝቃዛ ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። ወንበራቸውን ወደ ሳህኑ አስጠጉ። "አመዱ ምን ሊያደርግለት ነው?"

እኔ እንግዲህ ይኼን ጥያቄ ካገኘሁ ማን ያስቆመኛል! "ውሃ ሁለት ጎን አለው የኔታ፤ አንዱ ጎኑ እዚህ ይስባል፣ ሌላው እዚያ ይስባል። የአመዱን ጨው ከበበና ነጣጥሎ ተሸከመው፤ ኤሌክትሪኩ የሚሻገረው በዚያ ነው። ደማችንስ? አብዛኛው ውሃ አይደለም? የበላነውን አሟሙቶ እስከ ጣታችን ጫፍ የሚያደርሰው በዚሁ ጠባዩ ነው! በረዶ ሲዘንብ ባልዲ ውስጥ ሲንሳፈፍ አይተው የለም? ሌላው ነገር ቢረጋ አብዛኛው ይሰጥማል። ውሃ ግን ሲረጋ ይቀላል! እንዲያ ባይሆን በብርድ አገር ሐይቁ ከሥሩ እየጠጠረ ዓሣ አይተርፍም ነበር..."

"ቀስ በል አንተ ሰው፣ ትታነቃለህ" አሉኝ። ዓይናቸው ግን ከብልቃጦቹ አልተነሣም። ጥላው እስኪዞር ቆይተው፣ "ይኼኛው የዚያን እጥፍ ይዟል" አሉ።

"አዩት! እሱ ነው የሚነደው፣ ሃይድሮጂን፤ ያኛው ኦክስጅን ነው። ሁልጊዜ ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ነው የኔታ። በዓባይም ቢሆን፣ በእንባም ቢሆን!"

መጀመሪያ ጫፉ ፍም የሆነ ስንጥር ኦክስጅኑ ውስጥ አስገባሁ፤ ቦግ ብሎ ነደደ። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩት። ቀጥዬ ሃይድሮጂኑን እንደ ተደፋ አንሥቼ ክብሪቱን ሰጠኋቸው። ጭረው የብልቃጡ አፍ ላይ ያዙት።

ጧ!

"በስመ አብ!" ብለው ጋሽ ደምለው ወደ ኋላ ዘለሉ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ብሩክታይት አጨበጨበች። እኔማ እንደ ልጅ ጨፈርሁ፤ ስንት ጊዜ ሠርቼው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር የመሰለኝ።

የኔታ የተቃጠለውን ክብሪት ጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከፈልኸው፤ አየሁ" አሉ። "መክፈልማ ጠላትም ይችልበታል። መልሰህ አንድ አድርገው።"

"አንድ ሆነ እኮ የኔታ! ያ ጧ ያለው የሚነደው ከሚያነደው ጋር ሲገናኝ ነው። ከነፋሱ ውስጥ ኦክስጅን አግኝቶ ያኔውኑ ውሃ ሆነ።"

ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አንሥተው አገላበጡት። "እርጥበቱ እንደሁ ድሮም ነበረ" አሉ። "ሠርጉን ሰምቻለሁ፤ ሙሽሮቹን ግን አላየሁም።"

ጉሮሮዬ ደረቀ። ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ አንዷን ጠብታ አሳይቼ "ይችውልዎ" ብል ማን ያውቅብኛል? ጋሽ ደምለውም ይኼንኑ ሲሉ መሰለኝ እግሬን ረገጡኝ። አልቻልሁም።

"እውነትዎን ነው" አልሁ። "አዲሱ ውሃ ከጠብታም ያንሳል፤ በዓይን አይታይም። ይኼ ነው ብል እዋሻለሁ።"

አለቀልኝ፣ ብሩክታይትን በአፌ አጣኋት ብዬ ሽቦዬን እጠቀልል ጀመር። ቀና ብዬ ላያት እንኳ አልደፈርሁም።

የኔታ እኔን ትክ ብለው አዩኝና ወደ በሩ ዞሩ።

"ብሩክቴ፣ ምን ትገተሪያለሽ?" አሉ። "ለባልሽ ውሃ ስጪው እንጂ፤ ጉሮሮው ሲደርቅ አታዪም?"